ሳትመረቅ የተነሳችው ጄት

ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ሰው እንዲህም ይፈራል እንዴ?» ብላችሁ እንዳትገረሙ ነው። መካነ ሰላም መጥታችሁ ሞባይል ጠጋኙን ሙሔ ብትሉ ሱቄን የማያሳያችሁ የለም፤ ፈሪነቴንም ሳትጠይቁ ይነግሯችኋል። ውሻ ያለበትን ግቢ በሩቁ ነው የምዞረው። መብረቅ ሲያጓራ ሱቄን ቆልፌ ቤቴ እገባለሁ። ሚኒባስ ስሳፈር ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን አብሬው እረግጣለሁ። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ «ፈሪ ለእናቱ» እላቸዋለሁ። ለእኔ ደግሞ ተረት ብቻ አልነበረም። አባቴ ካለፈ፣ እህቶቼም አግብተው ከሄዱ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነበርን።

እናቴ ወይዘሮ ሉባባ ትባላለች። በሰፈራችን መንገድ የሚወጣ ሰው፣ ለፈተና የሚሄድ ተማሪ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ጎራ ብሎ ተመርቆ ነው የሚያልፈው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። በእኛ አገር መዳፍ ዘርግቶ አሚን ለማለት ማንም የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም። ሚኒባስ እንኳ ከመናኸሪያ ከመነሳቱ በፊት ሽማግሌ ወይም ጠና ያለች እናት ተፈልጋ ዱዓ ይደረጋል። መራቂው ከተነሳ ሁሉም ይነሳል፤ የሚኒባሱ ጣሪያ ስለማያስቆም ጎብጠንም ቢሆን እንነሳለን። የተጀመረ ምርቃት ደግሞ ሳይቋጭ አይተውም። መራቂው ቢያቅተው ሌላ ሰው ተቀብሎ ይቋጨዋል። አንጠልጥሎ መሄድ ጨርሶ ካለመመረቅ ይብሳል ይባላል።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ የእናቴ ትንፋሽ ያጥር ጀመር። ከጓሮ እስከ ደጃፍ ለመድረስ ግድግዳ ተደግፋ የምታርፍ ሆነች። ምርቃቷም እያጠረ መጣ። ደሴ ወስጄ ሳስመረምራት ሐኪሙ የልቧ ቫልቭ መበላሸቱን ነገረኝ።

«ከውጭ የሚመጡ የልብ ሐኪሞች አዲስ አበባ ይገባሉ። የሚቆዩት ለጥቂት ቀን ነው። ስሟን አስገብቼላታለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል መተኛት አለባት» አለኝ።

«ሐሙስ ባትደርስስ?»

«ተራዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሐኪሞቹ ደግሞ የሚመለሱት ለከርሞ ነው።»

«ልቧ እስከ ከርሞ ይቆይላታል?» ስለው መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ጠርጎ ሲጨርስ የተናገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር። «አዲስ አበባ ድረስ በመኪና እንዳትወስዳት። እስከ ኮምቦልቻ ቀስ እያላችሁ ሂዱ፤ ከዚያ በአውሮፕላን።»

በአውሮፕላን! በሕይወቴ ከፍ ብዬ የወጣሁበት ነገር ቢኖር የሱቄን ጣሪያ ለመድፈን የተዋስኩት መሰላል ነው። ቢሆንም ትኬቱን ለረቡዕ ቆረጥኩ። ከመሄዳችን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ከትኬት ቢሮው ተደወለልኝ።

«አቶ ሙሔ፣ የረቡዕ በረራችሁ ወደ ዓርብ ተዛውሯል» አለችኝ ልጅቷ።

«ዓርብ? ለምን ተብሎ?»

«ትንንሾቹ ጄቶች ስላረጁ ከሥራ እየወጡ ነው። የሚተካቸው አውሮፕላን ትልቅ ስለሆነ በየቀኑ አይመጣም። ከእንግዲህ በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ ነው የሚበረው።»

«እህቴ፣ እናቴ ሐሙስ ጠዋት ካልደረሰች እኮ ዓርብ ብትደርስ ምንም አያደርግላትም!» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ጮክ ብሏል፤ ሱቅ ውስጥ የነበሩ ደንበኞቼ ዞረው አዩኝ። ልጅቷ ቆዩኝ ብላ ሙዚቃ ለቀቀችብኝ። ስትመለስ «ረቡዕ ከሰዓት ከትንንሾቹ አንዷ ትመጣለች። ወደ ኮምቦልቻ የመጨረሻ ጉዞዋ ነው። ሁለት ወንበር አለኝ፣ ልያዝልዎት?» አለችኝ።

«ያዢልኝ! አላህ ያክብርሽ፣ ያዢልኝ!»

ምን እንደለመንኩ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። አርጅታለች ተብላ ልትጣል የተወሰነባትን አውሮፕላን፣ በመጨረሻ ቀኗ፣ እናቴን ይዤ ልሳፈርባት ተለማምጫለሁ።

አሮጌ ነገር እንዴት እንደሚሞት እኔ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። አሮጌ ስልክ አያስጠነቅቅም። ሲሠራ ሲሠራ ይከርምና አንድ ቀን ባለቤቱ «ሃሎ» እያለ ድርግም ይላል። ገላልጬ ሳየው ውስጡ ተበልቶ አልቋል። የስልክ ሲሆን ሰውየው ተናዶ ሌላ ይገዛል፣ አለቀ። ከደመና በላይ ድርግም ያለ ነገር ግን ማን ይጠግነዋል? ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሷ ከፈራች እቀራለሁ ትላለች፤ ከቀረች ደግሞ ሐኪሙ መነጽሩን ለምን እንደጠረገ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ማልደን ተነሳን። ከከተማው ስንወጣ በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ በኩል አለፍን። አሁን የከብት ግጦሽ ነው። እናቴ መስኮቱን ጠረግ ጠረግ አድርጋ አየችው።

«እዚህ ነበር የምታርፈው» አለችኝ። «እኛ ሴት ልጆቹ ከብቱን አባረን ሜዳውን እናጸዳለን። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ቆመው ይመርቋታል። ያች አውሮፕላን ሳትመረቅ ተነስታ አታውቅም፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ለምን ቀረች?»

«አረጀች ተባለ። አዲስ ትመጣላችኋለች ብለውን ነበር። አዲሷ ግን ትልቅ ሆነችና ሜዳችን አልበቃት አለ። ይኸው ድምጿን በሰማይ እንሰማለን እንጂ ወርዳ አታውቅም። የመጨረሻ ቀኗ መሆኑን ማንም ሳይነግረን ሄደች። ብናውቅ ደህና አድርገን በሸኘናት ነበር።»

ፍሬን የምረግጥ መስዬ እግሬን አየሁ።

በአቀስታ ከተማና በብርዳማው ጉጉፍቱ በኩል ደሴን አልፈን ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት አደርን። ረቡዕ ከሰዓት አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። እናቴ ሻንጣዋን የፈተሸውን ዘበኛ መረቀች፤ ጫማዋን ያስወለቀቻትን ፈታሽ መረቀች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጄቷም ከደቡብ በኩል ደመናውን ቀድዳ መጣችና አረፈች። ትንሽ ናት። ትንሽነቷ ራሱ አስፈራኝ። ደረጃው ጋ ስደርስ ጎኗን በመዳፌ ነካሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሞቀ ስልክ የምነካ ይመስል። ውስጧ ንጹሕ ነው፤ የወንበሮቿ ጨርቅ ግን በብዙ ሰው ጀርባ ተፍቆ ቀለሙ ለቋል።

«መስኮቱ ጋ አንተ ሁን፣ እኔ እግሬን ልዘርጋ» አለችኝ እናቴ። ስለዚህ ፈሪው መስኮት ጋ ተቀመጠ፤ ክንፉ ፊት ለፊቴ ነው። ከመተላለፊያው ማዶ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ፣ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የወረኢሉ ከብት ነጋዴ ነበሩ። ወዲያው ከእናቴ ጋር የማንን ልጅ እንደሚያውቁ፣ ማን ከማን እንደሚዛመድ ሲጠያየቁ ቆዩ። ብዙዎቹ መንገደኞች የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። አስተናጋጇ እየዞረች ቀበቶ አሳሰረችን። በሩ ተዘጋ። ጄቷ መንቀሳቀስ ስትጀምር እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ሳይመረቅ ልንሄድ ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ ይሄ ሚኒባስ አይደለም» አልኳት በሹክሹክታ። «እዚህ እንዲህ አይደረግም። ሰው ይስቅብናል።»

«ማን ነው በዱዓ የሚስቅ?»

«እባክሽ ዝም በይ!»

እናቴን ዝም በይ ብያት አላውቅም ነበር። ያናገረኝ ፍርሃቴ ነው። ምርቃት ስትጀምር ከልቤ አሚን ካልኩ፣ ለምን ከልቤ እንዳልኩ ታውቅብኛለች ብዬ ነው። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ ዝም አለች። ሞተሩ ጮኸ፤ ወንበሩ ከኋላ ገፋኝ፤ መሬት ለቀቀን።

በረራው እንዴት ነበር ብትሉኝ እኔ የማውቀው ክንፉን ብቻ ነው። ዓይኔን ከላዩ አልነቀልኩም፤ ያየሁት እንደሆነ የማይወልቅ ይመስል። ሲንቀጠቀጥ አብሬው ተንቀጠቀጥኩ። የሆነ ቦታ «ጥጥጥ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ደሜ ቀጥ አለ፤ ዞሬ ሳይ አንዲት ሴት የቆሎ ፌስታል እየፈታች ነው። ደመናው ተከፈት ሲል ከታች የወረኢሉ ሜዳ ይሁን ሌላ ያላወቅኩት አረንጓዴ ምድር ታየኝ፤ በጣም ሩቅ ነው። ቀበቶዬን እስኪያመኝ አጠበቅሁት።

አዲስ አበባ ስንቃረብ አየሩ ተለወጠ። ጥቁር ደመና ውስጥ ገባንና ጄቷ ትወዛወዝ ጀመር። ከላይ ያለው የዕቃ ሳጥን ሁሉ ይንገጫገጫል። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ይህን ጊዜ ጋሽ ተሰማ ለማጽናናት ብለው ይሆን ለጨዋታ፣ ወደ እኛ ዘንበል አሉ።

«አይዞሽ እትዬ ሉባባ። ይችም ምስኪን እንደኛ አርጅታ እኮ ነው የምታቃስተው። ዛሬ የመጨረሻዋ ነው አሉ፣ ከእንግዲህ ወደኛ አትመጣም።»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ።»

«ሙሔ! አርጅታ ልትወጣ ነው? የመጨረሻ ቀኗ ነው?»

«...አዎ።»

«አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር። እንዳትፈሪ ብዬ ነው እማዬ።»

ትፈራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ከመቼውም በላይ ተቆጣች። «ያችኛዋም ሳንሸኛት ነው የሄደችው! አሁን ይችኛዋንም? በመጨረሻ ቀኗ፣ አሮጊቷን ሳትመረቅ አስነሳሃት?»

ከእግራችን ሥር የሆነ ነገር ተከፍቶ «ግው» አለ። ጎማው እየወረደ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ወለሉ የተቀደደ መሰለኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው እናቴ ወንበሯ ላይ የለችም። ቀበቶዋን ፈትታ መተላለፊያው መሃል ቆማለች፤ አንድ እጇ የጋሽ ተሰማን ወንበር ይዟል፣ ሌላው መዳፏ ተዘርግቷል።

«ያ ረቢ! የተሸከመችንን ተሸከማት...»

ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አንስተው ብድግ አሉ። ምን ያድርጉ? እናት ቆማ እየመረቀች ተቀምጦ አሚን ማለት ያላደጉበት ነው። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ተነሱ። ከዚያ አንድ ወጣት። ከዚያ መዓት ሰው። በዚያ ሁሉ መወዛወዝ ግማሹ መንገደኛ ወንበር እየያዘ ቆሞ «አሚን!» አለ።

«ተቀመጡ! እባካችሁ ተቀመጡ! ልናርፍ ነው!» አስተናጋጇ ከፊት ትጮሃለች። የሚሰማት አልነበረም። ስልኩን አንስታ ለካፒቴኑ ስትናገር አየኋት። በመስኮቴ ቤቶች ታዩኝ፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ መንገድ፣ መኪና፤ በጣም ቅርብ ናቸው። ደረስን ብዬ መተንፈስ ስጀምር ሞተሩ በድንገት አገሳ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና አለ። ቤቶቹ ከዓይኔ ተሰወሩና ግራጫ ብቻ ቀረ። የቆሙት ሁሉ በየወንበሩ ላይ ወደቁ፤ እናቴ እኔ ላይ ወደቀች። ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም። በልቤ ያልኩት አንድ ነገር ነበር፦ ድርግም አለች።

ድርግም አላለችም። ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ ተስተካከለች። እናቴን አቅፌ ቀበቶዋን አሰርኩላት። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ደረቷ እንደ ተያዘ ወፍ ይመታል። በዚህ መሃል ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ተናገረ።

«ክቡራን መንገደኞች፣ አውሮፕላናችን ምንም ችግር የለባትም። ለማረፍ ስንቃረብ መንገደኞች ከወንበራቸው በመነሳታቸው ማረፉን ትተን ተነስተናል። ሰው ቆሞ እያለ ማረፍ አይፈቀድልንም። አሁን ግን መንደርደሪያው ላይ ከባድ ዝናብ ገብቷል፤ እየዞርን እንጠብቃለን። ካላባራ ወደ ኮምቦልቻ ለመመለስ እንገደዳለን።»

ኮምቦልቻ! ቀጣዩ በረራ ዓርብ ነው። ሐሙስ የሚባለው ቀን እዚያው አየር ላይ ከእጃችን ሊወድቅ ነው። እስከዚያ ድረስ መውደቅን ነበር የፈራሁት። ያን ጊዜ ግን በሰላም መመለስን ፈራሁ፤ ይሄኛው ፍርሃት ከቀድሞው ይከብድ ነበር።

«ለመሆኑ ማን ነው መጀመሪያ የቆመው?» አለ ከኋላ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ። ዓይኖች ሁሉ ወደ እኛ መጡ። እናቴ ሰማች።

«በእኔ ነው?» አለችኝ። «ሐሙስ የሚያልፈን በእኔ ነው?»

«አይደለም እማዬ፣ በዝናቡ ነው።»

«እኔ ነኝ።» አንገቷን ወደ ኋላ ለማዞር ሞከረች። «አውፍ በሉኝ ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ። ለኸይር፣ ለደግ ብዬ ነው። አውፍ በሉኝ...» ትንፋሿ ተቆረጠ።

አስተናጋጇ ስንናጥ የተመታ ወገቧን ይዛ፣ ወንበር እየተደገፈች መጣች። እናቴን ትቆጣታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መተላለፊያው ላይ ተንበርክካ ኦክስጅን እናቴ አፍንጫ ላይ አደረገችላት፤ እጇንም ያዘቻት። ስለ ሐሙሱ ነገርኳት። ወደ እናቴ ዞረች።

«እማማ፣ ምርቃትዎን እንፈልገዋለን» አለቻት። «እርስዎ ከቆሙ ግን ሰው ሁሉ ይቆማል፣ ሰው ከቆመ ካፒቴኑ ማሳረፍ አይችልም። አሁን ዝናቡ ቀነስ ካለ እንደገና ይሞክራል። ተቀምጠው ይመርቁናል?»

«ተቀምጦ ምርቃት...» አለች እናቴ በደከመ ድምፅ፤ ጋሽ ተሰማን አየቻቸው።

«ግድ የለም እትዬ፣ ዛሬ ፈቅደናል» አሉ ጋሽ ተሰማ፤ ቀበቶአቸውንም ጎትተው አሳዩዋት።

ስንት ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። ግራጫው ውስጥ ገብተን ወጣን፣ ወጥተን ገባን። የእናቴን እጅ ይዤ የደም ሥሯን እያዳመጥኩ ነበር፤ ምቱ ሲዘልል የእኔም አብሮ ይዘልላል። በመጨረሻ ካፒቴኑ «ለማረፍ እንሞክራለን፤ እባካችሁ ሁላችሁም ተቀመጡ» አለ። ጄቷ ወደ ታች አዘቀዘቀች። ያ «ግው» የሚለው ድምፅ መጣ። እናቴ ኦክስጅኑን ከፊቷ ገለል አድርጋ ተቀምጣ መዳፏን ዘረጋች። ከፊትና ከኋላ መዳፍ ሁሉ ሲዘረጋ ተሰማኝ።

«ያ ረቢ። የተሸከመችንን ተሸከማት። ያነሳኸንን አሳርፈን። ለመሪው ልጅ ዓይኑን... ዓይኑን...»

ቆመች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። መዳፏ እንደተዘረጋ ነው። ሰው ሁሉ አሚን ለማለት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጋሽ ተሰማ አዩኝ። ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ። እናቴም አየችኝ።

«ቋጨው» አለችኝ፤ ድምጿ ሳይሆን ከንፈሯ ነው ያለኝ።

ሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ደመናው ውስጥ ነን፤ መሬቱ የት እንዳለ አይታይም። ግን የተንጠለጠለ ምርቃት ይዘን መውረድ ደግሞ አልቻልኩም። መዳፌን ከእናቴ መዳፍ አጠገብ ዘረጋሁ።

«ዓይኑን አብራለት» አልኩ። ድምፄ የሕፃን ነበር። «እጁን አጽናለት።»

«አሚን!»

«ይችን አሮጊት አደራ። ስንት በሽተኛ አድርሳለች፣ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሬሳ ለአገሩ አፈር አብቅታለች። በመጨረሻ ቀኗ አታሳፍራት።»

«አሚን!»

«የወጣንበትን ሐጃ፣ ጉዳያችንን አውጣልን። ያ ረቢ፣ ፈርቻለሁ። ሁላችንም ፈርተናል። የእናቴን ትንፋሽ መልስልኝ...» እዚህ ላይ አለቀስኩ። አላፈርኩም፤ ለማፈር ጊዜ አልነበረኝም። «በሰላም አሳርፈን።»

«አሚን!» አለ ሁሉም፤ ያ ሱፍ የለበሰውም። አስተናጋጇ ከፊት ወንበሯ ላይ ታስራ መዳፏን ዘርግታ ነበር። አሚኑ ሳያልቅ ግራጫው ተቀደደ፣ የረጠበ አስፋልት ወደ እኛ መጣ፣ ጎማው መሬት ነካ፣ አንዴ ነጠረ፣ ያዘ።

በሩ ላይ ካፒቴኑ ቆሞ እናቴን በተሽከርካሪ ወንበር ስናወርድ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት። እሷ በእጇ የጄቷን በር እየዳበሰች ነበር። እኔ ግን ያ የሆዴ ጥያቄ አልለቀቀኝም።

«ካፒቴን፣ ይች አውሮፕላን የምትወጣው አደገኛ ሆና ነው?»

ሳቀ። «አደገኛ ብትሆን እኔስ ልጆች የሉኝም? በየጊዜው ተገላልጣ ነው የምትፈተሸው። የምትወጣው ነዳጅና ጥገናዋ ስለከበደ ነው። ዛሬ ያስቸገራችኋት እናንተ ናችሁ እንጂ እሷ አላስቸገረቻችሁም።»

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ተኛች። ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። በር ላይ ቆሜ የፈራሁትን ፍርሃት አየር ላይ ከፈራሁት ጋር አላወዳድረውም። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ብለህ ነበር የቋጨኸው? ግማሹን አልሰማሁህም» ብላ ነው። ነገርኳት። «ፈርቻለሁ አልክ? በዱዓ መሃል?» አለችና ቁስሏን ይዛ ሳቀች።

እናንተ ሆይ፣ ፍርሃቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ውሻ ያለበትን ግቢ ዛሬም እዞረዋለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። ፍርሃቴን ለመደበቅ ስል እናቴን ዝም በይ አልኳት፤ ዝም ያሰኘሁት ምርቃት ደግሞ ጊዜ ጠብቆ፣ በማይሆን ሰዓት ተነስቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ስፈራ ፈርቻለሁ እላለሁ። የፈራ ሰው አጠገባችሁ ካለ እናንተም ዝም አታሰኙት።

ስለ ጄቷም አንድ ነገር ልበል። አሮጌ ይቅር፣ አዲስ ይምጣ፤ እኔ ራሴ ለደንበኞቼ የምመክረው ይህንኑ ነው። ትልቁ አውሮፕላን ምቹ ነው ይላሉ፤ ይሁን። ግን አሮጌ ስልክ ሊጥል የመጣን ሰው «መጀመሪያ ውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ወደ አዲሱ አዛውር» እለዋለሁ። እኛ ያልተዛወርን ቁጥሮች ነን። የእናቴ የሐኪም ቀጠሮና ትልቁ አውሮፕላን የሚመጣበት ቀን እስከ ዛሬ ገጥመው አያውቁም። ስለዚህ ለክትትል የምንሄደው በመኪና ነው፤ ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ በየመንገዱ እያደርን። ልቧ ስለተጠገነ ትችላለች። ያልተጠገነላቸውስ እንዴት ይሆናሉ እያልኩ እፈራለሁ።

ባለፈው ለቀጠሮ ስንነሳ ሚኒባሱ መናኸሪያ ውስጥ ሞልቶ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ዞር ብሎ መራቂ ፈለገ። ዓይኑ እናቴ ላይ አረፈ።

«ዛሬ እሱ ይመርቅ» አለች እኔን እየጠቆመች። «ፈሪ ነው፣ ግን አሮጊት ሲያሳርፍ አይቻለሁ።»

ጣሪያው ስለማያስቆም ጎብጬ ተነሳሁ። ሚኒባሱ በሙሉ ጎብጦ ተነሳ። እንደ ዛኔው ፈርቼ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ቋጨሁት። ከሁሉም በላይ የተሰማው አሚን ከኋላዬ የመጣው ነው፤ እናቴ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቆረጥባት፣ ረዥም አድርጋ አለችው።